የምታነክሰው ካቴና

ታዘልማት፣ የካቲት 9

ለተከበሩ የአባቴ የአጎት ልጅ፣ ለእኔ ግን አክስቴ ለላላ ቱዳ፤

የአላህ ሰላምና ምሕረት ከባለቤትዎ ከሲ ላሕሰንና ከልጅዎ ከነቢል ጋር ባሕር ማዶ ሊዬዥ ድረስ ዝናቡን አቋርጦ ይድረስዎ። እኛ ደህና ነን። ላሟም ደህና ናት። አባቴን ጀርባውን ያመዋል፤ የሚያመው ግን ሥራ ሲመጣ ብቻ ስለሆነ እሱም ደህና ነው ማለት ይቻላል። እኔም በጸሎትዎ ደህና ነኝ። የመንደሩ ሰው ግን «ይሄ ልጅ ትንሽ ቢያመው እኛ ደህና እንሆን ነበር» ይላል።

ነቢል አዲስ ሲገዛለት ለእኔ የላካችኋት ብስክሌት ስሟ ገንኗል። ለመምህራችን ሚስት «ማታ አንድ እፍኝ ገብስ ካልበላች ጠዋት አትነሳም» ብያት ሴትዮዋ ሳምንቱን ሙሉ ገብስ ስታመላልስ ዶሮዎቻችን ወፈሩ። መምህሩ ይህን ሲሰማ በጆሮዬ ሊጎትተኝ መጣ። እኔ ደግሞ በቴፔ ሲያንኮራፋ ቀድቼው ስለነበር ባለሱቁ ቤት ከፍቼ አሰማሁበት፤ ተፋረድን። ካስወጣኝ ትምህርት ቤት ይልቅ በዚህ ብዙ ተምሬያለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከቲዚ ተራራ በር ማዶ የሚመላለሰው የጨው ነጋዴ ከእናትዎ ከእማማ ኢዛ ቃል ይዞ መጣ። እንዲህ ብለዋል፦ «ዓይኔ ሄዷል። ጆሮዬ ሳይከተለው የቱዳን ልጅ አምጡልኝ።» እኔም አሰብኩ፤ አይሳቁ፣ አንዳንዴ አስባለሁ። ነቢል በበጋ ይምጣ። ሁለታችን በብስክሌት በሩን ተሻግረን እሳቸው መንደር ኢግራን እንግባ። የበቅሎ መንገድ አለ፤ ለበቅሎ የሆነ መንገድ ለእኔ አያንስም።

ባዶ ካሴት ካለ ቢልኩልኝ። መምህሩ አዲስ ዓይነት ማንኮራፋት ጀምሯል።

የዘወትር አስቸጋሪዎ
ኢሹ


ሊዬዥ፣ መጋቢት 2

ለልጄ ለኢሹ፤

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለቤቱ። አባትህን ሳምልኝ፤ ላሟንም። መጻፍ የተማርኩት በስተርጅና፣ በመስጊዱ የሴቶች ትምህርት ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ ከአንተ ጠባይ ቀጥ ይላል።

የእናቴን ቃል አንብቤ ወጥ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ሌላ አልጽፍልህም።

እኔ መምጣት አልችልም። ሲ ላሕሰን ከከሰል ጉድጓድ ከወጣ ቆየ፤ ሳንባው ግን እዚያው ቀርቷል። ጥዬው የትም አልሄድም። ነቢልን ሁለት ዓመት ሙሉ «ሂድና አያትህን እይ» ስለው ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞር ነበር። በበቅሎ ብለው ሳቀብኝ። ደብዳቤህን አንብቤ «በብስክሌት» ስለው ጫማውን ማሰር ጀመረ። ስለዚህ ወይ በብስክሌት ነው፣ ወይ አይሆንም።

እኔ ግን ቲዚን አውቀዋለሁ፤ ሙሽራ ሆኜ በበቅሎ የተሻገርኩት ነው። ከበሩ ወዲያ ውሃ የለም፣ ጎጆ የለም፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነፋሱ ቢላዋ ነው። አምና ነቢል እዚህ ጫካ ውስጥ ካቴናው ተበጥሶበት እየገፋ እስኪመጣ መስኮት ላይ ቆሜ እግሬ አበጠ። እዚህ አስፋልት አለ፣ መብራት አለ። እዚያ ምን አለ? አንተ አለህ። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፤ ሳታሾፍ መልስልኝ። በሩን ካለፋችሁ በኋላ ካቴና ቢበጠስ ምን ታደርጋለህ?

ካሴቱ ከደብዳቤው ጋር አለ። ስለላክሁት መምህሩን ይቅርታ ጠይቅልኝ።

ቱዳ


ታዘልማት፣ መጋቢት 20

ለአይበገሬዋ አክስቴ፤

በአላህ ሰላምታ ጀምሬ፣ ጉልበትዎን ስሜ፣ ከኩርኩምዎ ርቄ እጽፋለሁ።

ካቴና ቢበጠስ? ለቅሶ እንቀመጣለን እንጂ ምን እናደርጋለን! ከዚያ ነቢልን አዝለዋለሁ። ሲከብደኝ እሱ ያዝለኛል። ሁለታችንም ሲደክመን ቁልቁለት ስለሆነ እንንከባለላለን። እናቴ ደግሞ «በሱፍ ክር አጥብቄ እሰፋላችኋለሁ» ብላለች፤ የእሷን ስፌት በሬም አይበጥሰው።

የገበያ ቀን የሆነውን ልንገርዎ። አሮጌ ካቴና በከረጢት ይዤ ስሄድ የገበያው ፖሊስ፣ ጀንዳርሙ፣ አስቆመኝ።

«ምን ይዘሃል?»

«ካቴና።»

«በገዛ እጅህ ይዘህ መጣህ? ብልህ ልጅ! እጅህን ዘርጋ።»

እስካሁን ገበያው ይስቃል። እንግዲህ ያለሁበት ሁኔታ ይህን ይመስላል፤ ዝግጅቴ የተሟላ ነው።

አንድ የኳስ ጫማ ካገኙ የነቢል ቁጥር ይሆነኛል።

ኢሹ


ሊዬዥ፣ ሚያዝያ 6

ኢሹ፤

ሰላም ብያለሁ። ጫማ የለም። ነቢልም የለም፤ ካልመለስክልኝ።

ከቤታችን በታች ያለውን ብስክሌት ጠጋኝ አስቸግሬ የካቴና መፍቻና ቀለበቶቹን የሚያያይዙ ትርፍ ፒኖች ገዛሁ። ከዚያ ራሴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሞከርኩት። ጠረጴዛው እስከ ዛሬ ቅባት ቅባት ይሸታል፤ ሲ ላሕሰን ምሳውን አልጋው ላይ ሆኖ ነው የሚበላው። ዕቃውን ልኬልሃለሁ። እንግዲህ ስማ፦

ካቴናውን መፍቻው ላይ አስቀምጠህ እጀታውን ስታዞር ፒኗ ትገፋለች። ጨርሰህ እንዳታስወጣት! ሊወልቅ እንደደረሰ የወተት ጥርስ በውጪኛው በኩል ተንጠልጥላ ትቅር። ከወጣች ተመልሳ አትገባም፤ እኔ ስንቱን አበላሽቻለሁ። የተጣመመችውን ቀለበት አውጣና ጣላት። ሁለቱ ጫፎች እየተፈናጠሩ እንዳያበሽቁህ በታጠፈ ሽቦ እንደ መንጠቆ ያዛቸው። ከሥር ጨርቅ አንጥፍ፤ ድንጋይ መካከል የወደቀ ፒን የጂኖች ነው። ስትጨርስ ካቴናው ያጥራልና ትልቁ ማርሽ ላይ እንዳትወጣ።

ይህን ካነበብክ በኋላ ቃልህን አልፈልግም። ቃልህን አውቀዋለሁ። በእጅህ በጥሰህ በእጅህ የቀጠልከውን አንድ ስንዝር ካቴና በፖስታ ላክልኝ። ያኔ ትኬት እቆርጣለሁ።

ቱዳ


ታዘልማት፣ ሚያዝያ 29

ለመካኒኳ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ቅባት ሳይነካው ይድረስዎ። የጠየቁት ይኸውና! ዓይኔን ጨፍኜ በጠስኩት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቀጠልኩት። መንደሩ ተሰብስቦ አጨበጨበ፤ አባቴ እንኳ ጀርባውን ረስቶ ብድግ አለ። ሲያዩት የት ጋ እንደቀጠልኩት አይለዩትም፤ እኔ ራሴ አልለየሁትም።

ትኬቱን ይቁረጡ። የጫማውን ነገር አላነሳም፤ ግን አልረሳሁትም።

ኢሹ


ታዘልማት፣ ሰኔ 3

ለአክስቴ ለላላ ቱዳ፤

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ። ግንቦት እንዳለ አለፈ፣ ቃል የለም። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። ስድብዎን ለምጄዋለሁ፤ ዝምታዎ ግን እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ሲ ላሕሰን ደህና ናቸው?

የጨው ነጋዴው ትናንት መጥቶ ነበር። እማማ ኢዛ በበቅሎው ኮቴ ለይተውት ገና ሳይደርስ «ብቻህን ነህ?» ይሉታል አሉ። በተሻገረ ቁጥር ይህንኑ ነው የሚጠይቁት።

ዛሬ ቀልድ የለኝም።

ኢሹ


ሊዬዥ፣ ሰኔ 17

ኢሹ፤

ሰላም ለአንተ። ሲ ላሕሰን እንዳለ አለ።

የላክኸውን ካቴና እንደ መቁጠሪያ በጣቶቼ አሳለፍኩት። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። አንድም ቦታ አልያዘኝም። ቅባቱ እንኳ ገና የፋብሪካ ነው። ይህ ካቴና ከተወለደ ተበጥሶ አያውቅም። ሱሪ ሳትታጠቅ ጫማዬ ውስጥ እንቁራሪት ከትተህ «ራሷ ገባች» ያልከኝ ልጅ አይደለህም? አንተ የቀጠልከው ነገር የማያደናቅፍ ከየት መጣ?

ዝም ያልኩት ተናድጄ አይደለም። የነቢልን ትኬት ቆርጫለሁ። በእጄ ይዤ ልመልሰው ወይስ ልተወው እያልኩ ነው። ልጄ አንድ ነው። እናቴም አንድ ናት።

አልቻልኩም በለኝ፣ አልቀየምም። ለእናቴም አልሆነም እላታለሁ። ከእኔ ዘንድ አልሆነምን ለምዳለች።

ቱዳ


ታዘልማት፣ ሰኔ 29

ለአክስቴ፤

የአላህ ሰላም ይድረስዎ፤ እኔ ግን ፊት የለኝም።

እውነቱ ይህ ነው። በመበጠስ እኔን የሚያህል የለም፤ የማላውቀው መቀጠሉን ነው። መፍቻው እንደመጣ የራሴን ካቴና በጠስኩ። «ጨርሰህ እንዳታስወጣት» ያሉትን ያነበብኩት ፒኗ ዘላ ከወጣች በኋላ ነው። ዶሮዋ እህል መስሏት ዋጠቻት። ከዚያ ወዲህ ብስክሌቷን እየገፋሁ «ለጤና ነው» እላለሁ። ያን ቁራጭ ገበያ ላይ ቱሪስት ከሚመራ ልጅ ለምኜ ነው ያገኘሁት።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ከበረቱ ጀርባ ተቀመጥኩ። ጨርቅ አነጠፍኩ፣ ሽቦ አጠፍኩ። እናቴ ዝም ብዬ ስታየኝ ደነገጠች።

«ኢሹ፣ ምን ነካህ?»

«ካቴና እየቀጠልኩ ነው።»

«እውነቱን ነው የምጠይቅህ!»

«እማዬ፣ ካቴና እየቀጠልኩ ነው!»

አባቴን ጠርታ «ይሄ ልጅ ታሟል» አለችው።

ከቀጠልኩት አንድ ስንዝር ቆርጬ ይኸው ልኬያለሁ፤ የጎደለውን ከአሮጌው ካቴና ሞላሁት። አንዷ ቀለበት እንደ አባቴ ጀርባ አልታጠፍ ብላለች። የቱ ጋ እንደሆነች አልነግርዎትም፤ ያገኟታል። ከእጄ የወጣው ይህ ነው፤ ሌላ የለኝም።

በዚህ ደብዳቤ ምንም አልጠይቅም።

ኢሹ


ሊዬዥ፣ ሐምሌ 8

ለልጄ ለኢሹ፤

ሰላም፣ ጤና፣ በረከት፣ ሁሉም ይብዛልህ!

ያዘኝ! በጣቶቼ እያሳለፍኩ አንዷ ጋ ስደርስ ቀጥ አደረገችኝ። እልልታዬን ሰምቶ ሲ ላሕሰን ከአልጋው ተነሳ፤ ሐኪሙ ያላስነሳውን አንተ አስነሳኸው። ይህቺ ያንተ ናት። ይህቺ ውሸት አታውቅም።

እንዲህ የገገመች ቀለበት ወደ ጎን፣ ወዲያና ወዲህ ቀስ አድርገህ ብታጥፋት ትፍታታለች። ነቢል ብስክሌቱን ይዞ ይመጣል፤ ቁራጩን በእጁ መልሼልሃለሁ፣ ከኪስህ እንዳታወጣት። የእሱም የአንተም ካቴና አንድ ዓይነት ነው፤ ጠጋኙን ጠይቄያለሁ።

ልጄን በእጅህ አድርጌአለሁ። ከዚህ በላይ የምሰጥህ የለኝም።

ጫማው ሻንጣው ውስጥ ነው።

ቱዳ


ታዘልማት፣ ነሐሴ 2

ለአክስቴ ለላላ ቱዳ፤

ነቢል ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታዬን ዘለው እንደሚያነቡ ስለማውቅ ነው። አሁን ሰላምታው፦ የአላህ ሰላም ለእርስዎ፣ ለሲ ላሕሰን፣ ለቅባታሙ ጠረጴዛዎም።

ዳገቱ ላይ ብስክሌት ስንገፋ ዋልን። ልጅዎ አልደክም ሲል ጊዜ «ካቴናዬ ተበጠሰ!» ብዬ ጮህኩ። ብስክሌቱን ወርውሮ መፍቻ ይዞ ሮጠ። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩት፤ አሁንም ሮጠ። ስሠልስበት በድንጋይ ሳተኝ። እጁ የእርስዎ ነው፤ ትንሽ ብቻ ይቀረዋል።

በሩን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ፣ ያቺ ጠጠር የምትንሸራተትባት መታጠፊያ ጋ፣ ፔዳሉ ላይ ቆመና ረገጠ። ቀጭ!

«ኢሹ፣ ካቴናዬ ተበጠሰ።»

«ጎበዝ! ቀልድ እየለመድክ ነው።»

«ኢሹ፣ በእናቴ!»

በእናቴ ሲል ዞርኩ፤ እናቱን አውቃታለሁና። ካቴናው ድንጋዩ ላይ እንደ ሞተ እባብ ተጋድሟል። ፀሐይዋ ጫፉን አልፋ ነፋሱ ጀምሯል። ልጅዎ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ «አሁን ምን እናደርጋለን?» አለኝ። እርስዎ በመጋቢት የጠየቁኝን ልጅዎ ቲዚ ላይ ደገመው። «ለቅሶ እንቀመጣለን» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ጥምጥሜን ፈትቼ አነጠፍኩ። የተጣመሙትን ቀለበቶች አወጣሁ፤ ብዙ ነበሩና የቀረው ካቴና አልደርስ አለ። የመለሱልኝን ቁራጭ ከኪሴ አውጥቼ በመካከሉ አስገባሁት። አንዱን ጫፍ ቀጠልኩ። ሌላኛው ላይ ፒኗ እንደ ወተት ጥርስ ተንጠልጥላ ሳለ ጣቶቼ ደነዘዙ።

«ኢሹ፣ አንድ ነገር ተናገር እንጂ። አንተ ዝም ስትል የሞትን ይመስለኛል።»

«ዝም በል፣ እናትህን እያዳመጥኩ ነው።»

ገባች። ይዛ ቀረች። ነቢል አቅፎኝ ሁለታችንም ልንገለበጥ ነበር። ያቺን ገጋማ ቀለበት ግን የማፍታታበት ጣት አልነበረኝም፤ «እየሄደች ትለምዳለች» ብዬ ተውኳት። አልለመደችም። ፔዳሉ በዞረ ቁጥር ጠቅ ትላለች። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ... እያለች ኢግራን አስገባችን።

እማማ ኢዛ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ነበሩ። ውሻው ሳይጮህ እሳቸው ቀና አሉ።

«ይህ እያነከሰ የሚመጣው ማነው?»

«የቱዳ ልጅ ነው፣ እማማ።»

«ወይኔ ልጄን! እግሩ ነው?»

«የለም፣ ካቴናው ነው።»

«ካቴና? አስራችሁ ነው ያመጣችሁት?»

ነቢል ሳቀ። በሳቁ በኩል እጃቸውን ሰደው ፊቱን አገኙት። ያ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥን የሚያዞር ልጅ ተንበርክኮ፣ እጃቸው እስኪጨርስ ድረስ አልተነቃነቀም። እኔ ብስክሌት ላስቀምጥ ብዬ ዞር አልኩ። ሌላ አልጽፍልዎትም፤ ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

በማግስቱ ያቺን ቀለበት ላፍታታ መፍቻዬን ሳወጣ በዱላቸው መሬቱን መቱ። «እንዳትነካት!» ነቢል አውድማውን ይዞራል፤ እሳቸው ተቀምጠው ጠቅታዋን በአንገታቸው ይከተላሉ። ሲርቅ «ወዴት ሄደ?» ይላሉ፣ ሲመለስ ይስቃሉ። «ይኸው አየሁት» ይላሉ። እንዲህ እያሉ ሳምንት አስቀመጡን።

በላኩልኝ ካሴት ቀድቼዋለሁ። የመምህሩን ማንኮራፋት አጥፍቼ ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ቀርቷል፣ ይታገሡት።

ጫማው ልክ ነው። ግን በብስክሌት ላይ ነው የማደርገው።

ኢሹ


ሊዬዥ፣ ነሐሴ 21

ለልጄ ለኢሹ፤

ሰላም ለሚያነክሱ ሁሉ! ሰላም ለአባትህ ጀርባ!

ካሴቱን ከሲ ላሕሰን ጋር ከፍተን ተቀመጥን። ገና ጠቅ ጠቅ ማለት ሲጀምር «ይሄ ካቴና የገገመ ቀለበት አለበት፤ ለምን አይጠግኑትም?» አለ። «ዝም በል፣ ሰው እየሰማሁ ነው» አልኩት። ከዚያ የእናቴ ሳቅ መጣ። ወጥ ቤት ገባሁ፤ በሩን ግን አልዘጋሁም። መጨረሻ ላይ ማንኮራፋቱ ሲመጣ ሲ ላሕሰን ግራ ገብቶት «መቼ ቀዳሽኝ?» አለኝ። ሳቅን፤ ሳሉ እስኪነሳበት ሳቀ።

አንድ ልመና አለኝ። የአንተንም ካቴና አንዷን ቀለበት አግግምና በበጋ በጋ ከጨው ነጋዴው ጋር ተሻግረህ ለእናቴ አሰማት። ማበላሸት መቼም አያቅትህም። ነቢልም ለከርሞ እመለሳለሁ ብሏታል፤ እኔ አላልኩትም፣ ራሱ ነው ያላት።

እዚህ እንደደረሰ ጠጋኙ ድምፁን ሰምቶ «ና ላስተካክልልህ» ቢለው «አይነካም!» ብሎት መጣ። ማታ ከጫካው ሲመለስ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ እሰማዋለሁ። መስኮት ላይ መቆም ትቻለሁ፤ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ ነው የምጠብቀው።

እጅህ ይባረክ።

ቱዳ